የእህቴ የኢኒድ ግድግዳ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ያቺን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ካፖርታችሁንም አውልቁ። ዝናቡ እስኪያባራ ብላችሁ እንደሆነ በከንቱ አትቁሙ። እዚህ ክራግዴል ውስጥ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ምንም ሳይሠራ ነው የሚያረጀው። እኔ ብዙ ትምህርት የለኝም። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ የግንበኛ ማንካ ጨበጥኩ፤ ያስቀመጥኩትም ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲለኝ ነው። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ግድግዳዬ ግን እንከን ወጥቶለት አያውቅም። ቢያንስ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ እህቴ ስለ ኢኒድ ቤት ነው። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሰባ ስድስት ሞልቷታል። የምትኖረው የሸማኔዎች ረድፍ በሚባለው መንገድ ላይ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ያለፋቸው አሥራ አንድ የድንጋይ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ኮረብታውን ይወጣሉ። የአንዱ ግድግዳ የጎረቤቱም ግድግዳ ነው። አሸንዳው ለሁሉም አንድ ነው፤ የጭስ ማውጫው ለሁለት ለሁለት ነው። ሰባት ቁጥር ያለ ሰው ሲያስነጥስ ስምንት ቁጥር ያለችው ሞሪን "ይማርህ" ትላለች። የኢኒድ ቤት ዘጠኝ ቁጥር ነው። ባሏ ስታን ካረፈ ስድስት ዓመቱ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ናት።

መከራው የነበረው ፎቅ ላይ፣ በመንገዱ በኩል ባለው መኝታ ቤት ነው። ከአልጋዋ ራስጌ ያለው ግድግዳ እርጥብ ነው። ቀለም ትቀባዋለች፣ ይላላጣል። ወረቀት ትለጥፍበታለች፣ በሁለት ወር ውስጥ ጥቁር ሻጋታ እንደ ካርታ ይሳልበታል። እሷም ደረቷ ማፏጨት ከጀመረ ቆይቷል። ካቻምና ብርድ እታች ሳሎን ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ነበር የምትተኛው። ሐኪሙም፣ "ሚስስ ፒክልስ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ የብርድ ወራት ካሳለፉ የሚቀጥለውን የሚያሳልፉት እኛ ጋ ነው" ብሏታል።

አንድ ልጅ አላት፣ ክላይቭ የሚባል። ደቡብ አገር ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ይደውላል። ባለፈው ዓመት ጁን አንድ እሁድ እኔ ሳሎኗ ቁጭ ብዬ የዝንጅብል ኬኳን ስበላ ደወለ። እሷ "እሺ… እሺ የኔ ልጅ… እሺ" እያለች ቆይታ ስልኩን ዘጋች።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ቤቱ አጠገብ የአረጋውያን መኖሪያ አግኝቶልኛል። ሙቅ ነው አለ። ደረቅ ነው። መስኮቱ ብቻ አይከፈትም።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"ግድግዳው እስከ ኖቬምበር አንድ ካልደረቀ እመጣለሁ አልኩት።"

"መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

"አንተ ደግሞ! ማን ነው መስኮቱ የማይከፈት ቤት የሚፈልግ?"

"ታዲያ ለምን እሺ አልሽው?"

"ሲያስብልኝ እንዴት አልፈልግም ልበለው?" ብላ ሳህኔ ላይ ሌላ ኬክ ጨመረችልኝ።

እንግዲህ ይህች ናት እህቴ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አምስት ወር እንኳ አልነበረንም። ግድግዳው ካልደረቀ ኢኒድ አርባ ሦስት ዓመት የኖረችበትን ቤት ለቃ ትሄዳለች፤ እኔም እሁድ እሁድ የምሄድበት ቤት አይኖረኝም። በበኩሌ ግን አልተጨነቅሁም። አርባ ስድስት ዓመት የሠራሁት ምን ሆነና!

መጀመሪያ ኢኒድ ሳትነግረኝ የእርጥበት ድርጅት ጠራች። አንድ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ ሰው መጣ። በእጁ ሁለት እሾህ ያላት ትንሽ ማሽን ይዟል። እሾሁን ግድግዳው ላይ ሲሰካ ማሽኗ ጮኸች።

"ከመሬት እየወጣ ያለ እርጥበት ነው" አለ፣ እንደ ቄስ ራሱን እየነቀነቀ።

"ከመሬት?" አልኩት። "እዚህ እኮ ፎቅ ላይ ነን።"

"ይወጣል ጌታዬ።"

"በደረጃው ነው በግድግዳው?"

ማሽኗን ተቀበልኩትና እሾሁን መዳፌ ላይ ጫን አደረግሁት። ከግድግዳው የባሰ ጮኸች። "እኔም ላይ ከመሬት እየወጣብኝ ነው ማለት ነው?" ስለው ማሽኑን ነጥቆኝ ሄደ። ኢኒድ ተቆጣችኝ። "ሰውየው ሻይ እንኳ ሳይጠጣ!" አለች። አያችሁ? ቤቷ ድረስ መጥቶ ሊያታልላት የነበረ ሰው ሻይ ሳይጠጣ በመሄዱ ነው ያዘነችው።

ቀጥሎ አሸንዳው። ለአሥራ አንዱም ቤት አንድ ነው ብያችኋለሁ። የተደፈነው ከሞሪን ቤት በላይ ነው፤ ውሃው የሚፈሰው ግን በኢኒድ ግድግዳ ላይ ነው። መሰላል ተሸክሜ ሞሪን በር ላይ ቆምኩ።

"መሰላልህ ጽጌረዳዬን ይነካል" አለች።

"ሞሪን፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።"

"ጽጌረዳዎቼ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ሲባሉ አይገባቸውም።"

"እንግዲያው የት ላቁመው? ደመና ላይ?"

"ከኢኒድ በኩል አቁመውና እጅህን ዘርጋ።"

"እጄ አራት ሜትር አይደለም!"

"ታዲያ የረጅም ሰው ሥራ ለምን ያዝክ?" ብላ በሩን ዘጋች። ሦስት ቀን ለመንኳት። በአራተኛው ቀን እህቷ ጋ ስትሄድ ጉልበቴ እያመመኝ ወጣሁ። ከአሸንዳው ውስጥ አንድ የቴኒስ ኳስ፣ አንድ የርግብ ጎጆ፣ አንድ ክንዴን የሚያህል የበቀለ ዛፍ አወጣሁ። ጽጌረዳዋን አልነካሁም፤ ይህን በቃለ መሐላ እናገራለሁ። ዝናቡ ያለ እንቅፋት መውረድ ጀመረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግድግዳውን ስዳስሰው ግን ያው እርጥብ ነው። እንደውም ያላበው ፈረስ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። "በቃ፣ ልስኑን በሙሉ አንሥቼ በጠንካራ ሲሚንቶ ደግሜ እለስነዋለሁ። ውሃ የማያሳልፍ ዱቄት እጨምርበታለሁ። ሁለት ሳምንት ነው" አልኳት።

"ፈቃድ ያስፈልጋል" አለች። "ቤቱ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ነው።"

እውነቷን ነው፤ የረድፉ ቤቶች በሙሉ የተመዘገቡ ናቸው። ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩና አሥራ ሁለት ገጽ ቅጽ ሰጡኝ። "የታሰበው ሥራ በሕንፃው ታሪካዊ ፋይዳ ላይ የሚያስከትለውን ተጽእኖ ይግለጹ" ይላል። ብዕሬን እያኘክሁ አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ "እህቴ ትንፋሽ አጥሯታል" ብዬ ጻፍኩ። መልስ ለማግኘት ስምንት ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። ስምንት ሳምንት! ይህን ረድፍ የገነቡት ሰዎች ስምንት ሳምንት ውስጥ አንዱን ቤት ጨርሰው ሁለተኛው ላይ ናቸው።

በጁላይ መጨረሻ ከማዘጋጃ ቤቱ የቅርስ ክፍል አንዲት ሴት መጣች። ሚስ ራፊቅ ትባላለች። ቁመቷ እስከ ትከሻዬ ነው፤ ጫማዋ የወንድ የሥራ ጫማ ነው። ኢኒድ ሻይ ልታፈላ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ የመኝታ ቤቱን ደረጃ ላሳያት ስዞር ሴትየዋ የለችም። መንገዱ መሃል ዝናብ ውስጥ ቆማ ቤቱን ከውጭ ታያለች። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ጃንጥላም የላት።

"ሚስ ራፊቅ" አልኳት፣ "የተቸገርነው በውስጡ ነው። ውጭው መርጠቡንማ እኛም እናውቃለን።"

"እስቲ ይምጡ፣ ሚስተር ኦክሮይድ" አለችኝ። ጣቷን ወደ ድንጋዮቹ ዘረጋች። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው መገጣጠሚያ ግራጫ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው እንደ ጥብጣብ ከድንጋዩ ወጣ ብሎ፣ ጠርዙ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ግድግዳውን በሙሉ እንደ መረብ ይዞታል። "ይህን ጥብጣብ ያዩታል? ዝናቡ እያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ይቆምና ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል። ድሮ እዚህ የነበረው ኖራ ነው። ኖራ ውሃ ይጠጣል፤ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ግን የገባውን አያስወጣም። ድንጋዩም እያለቀ ነው፤ ይንኩት።"

ነካሁት። እንደ ደረቀ ብስኩት በጣቴ ሥር ፈረፈረ።

"ውስጡም በሲሚንቶ የተለሰነ ነው?" አለች።

"ነው።"

"ስለዚህ ውሃው ከሁለት ወገን ታስሯል። ማን እንደሠራው ያውቃሉ?"

ልጆቼ፣ አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። አውቃለሁ። ጥብጣቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። በ1979 በጋ፣ ስታንና ኢኒድ ቤቱን በገዙ በሦስተኛው ዓመት፣ ከሥራ በኋላ በየቀኑ እየመጣሁ ከነውስጡ ልስን ያደረግሁላቸው ስጦታ ነው። ያን ጊዜ እዚህ አገር ከዚያ የተሻለ ሥራ አልነበረም። ሙያውን በጀመርኩ ጊዜ ያስተማሩኝ ሽማግሌዎች በኖራ ይሠሩ ነበር፤ ሲሚንቶ በከረጢት ሲመጣልን ሳቅንባቸው። ጠንካራ ነዋ! ጠንካራ ነገር መጥፎ ሊሆን ይችላል ብሎ ማን ይገምታል? ጥብጣቡን አይተው ከረድፉ አምስት ቤቶች "ለእኛም ሥራልን" ብለውኛል። ሠርቼላቸዋለሁ።

እኔ ግን ለሚስ ራፊቅ ምን አልኳት? "አንድ ጅል ይሆናል" አልኳት።

"ጅልስ አልለውም" አለች። "በዚያ ዘመን ሁሉም እንዲህ ነበር የሚሠራው። እጁ ደግሞ ጎበዝ ነው። እንዲህ የተስተካከለ መስመር ብዙ አላየሁም።"

ከስድብ ሁሉ የከፋ ምስጋና ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ኢኒድ ሻዩን ይዛ መጣችና ስለ አየሩ አወራን።

ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት እንደ ተናደደ ንብ ነበርኩ። ለኢኒድ፣ "ሴትየዋ ኖራ የሚሉትን ጭቃ እንድለጥፍልሽ ነው የምትፈልገው! የአያት ቅድመ አያት ጭቃ! ፀጉር የተቀላቀለበት!" እላታለሁ። መጠጥ ቤት ለማገኘው ሁሉ ስለ ማዘጋጃ ቤት እጮሃለሁ። ማንም ሰው "ዊልፍ፣ ያን ግድግዳ አንተ አልነበርክ እንዴ የሠራኸው?" እንዳይለኝ ቀድሜ የምጮህ ነው የሚመስለኝ አሁን ሳስበው።

ሚስ ራፊቅ ፈቃዱ እስኪመጣ አንድ የሻይ ትሪ የሚያህል ቦታ ለሙከራ እንድከፍት ፈቀደችልኝ። ኦገስት አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት መዶሻና መሮዬን ይዤ መኝታ ቤቱ ገባሁ፤ አልጋውን ገፋሁ። ሲሚንቶው እንዴት ጠንካራ ነው! ክንዴ እስኪዝል መታሁት። የራሴን ሥራ ከራሴ እጅ የማስጣል ያህል ነበር። በመጨረሻ አንድ ቁራጭ እንደ ሳህን ተነቅሎ ወደቀ፤ ከኋላው ውሃ በድንጋዩ ላይ ኮለል ብሎ ወረደ። አልዋሻችሁም፣ ወረደ። የታሰረ ሽታ፣ የጉድጓድ ሽታ ክፍሉን ሞላው። በጥጉ በኩል እኔ ሳልደርስበት የቀረ መዳፍ የምታህል የድሮ የኖራ ልስን አለች። ድሮ ኖራው እንዳይሰነጠቅ የሚቀላቅሉበት የፈረስ ፀጉር ይታይባታል። በጥፍሬ ጫርኳት። ደረቅ ናት። በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል ሁለት መቶ ዓመት የሞላት ቁራጭ ደረቅ ናት።

እታች ወረድኩ። ኢኒድ ድንች ትልጣለች።

"ኢኒድ" አልኳት፣ "እኔ ነኝ።"

"አንተ እንደሆንክማ አያለሁ። ጫማህን አራግፍ።"

"ግድግዳውን ማለቴ ነው። ያረጠብኩት እኔ ነኝ። ያ ሲሚንቶ ነው። ደረትሽንም እኔ ነኝ…"

ቢላዋዋን አላስቀመጠችም። አንድ ድንች ልጣ ጨረሰች፤ ሌላ አነሣች። "አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"አንተ ከመሥራትህ በፊት ደረቅ ነበር። በሠራኸው ዓመት ብርዱ ሲጠና ስታን ግድግዳውን ዳስሶ፣ ‘ኢኒድ፣ የወንድምሽ ሲሚንቶ ያልባል’ አለኝ።"

"በ1979?"

"በ1980። ከገና በኋላ ነው።"

"አርባ ዓመት ታውቂ ነበር?!"

"አትጩህ፣ ሞሪን ትሰማለች።"

"ትስማ! ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት ብዬ? እሁድ እሁድ ሰው እየሰበሰብክ መንገዱ ላይ ቆመህ ታሳያቸው ነበር። ደስ ብሎህ ነበር እኮ። ስታንም፣ ‘ተይው፣ ይከፋዋል፣ ቀለም እንቀባዋለን’ አለ።"

እዚያው ወጥ ቤት ቆሜ ልፈነዳ ደረስኩ። በማን ልናደድ? በራሴ? በእሷ? በሟቹ በስታን? ይህ የእኛ ሰዎች በሽታ ነው፤ በቅንነት የተሰጠንን እሾህ "እንዴት ደስ ይላል!" ብለን ተቀብለን አርባ ዓመት እንቀመጥበታለን። ሳንባችን ያልቃል እንጂ ደስ የማይል ቃል አይወጣንም። "አንቺ ሴትዮ!" አልኳት፣ "በዚያው ሳምንት ነግረሽኝ ቢሆን በአንድ ወር አነሣው ነበር! አምስቱንም የሌሎች ቤት አልሠራም ነበር! እኔ ሦስት ቀን አኩርፌ እረሳው ነበር!"

"ሦስት ቀን?" አለች። "አንተ? ስታን የቀባውን በር ‘አረንጓዴው ያስጠላል’ ስላልኩህ ብቻ እስከ ፋሲካ ድረስ ያልመጣኸው ሰውዬ?"

ድንች መላጥ ረዳኋት።

ፈቃዱ በሴፕቴምበር መጀመሪያ መጣ። መወጣጫውን ሁለት ሠራተኞች አቆሙልኝ፤ ከሞሪን ጽጌረዳ ግማሽ ሜትር ራቅ አድርገው፣ እሷ በሜትር እየለካች። ጥብጣቡን በሙሉ በመሮ አወጣሁት። ጉልበቴ ስለማያስቆመኝ ባልዲ ገልብጬ እየተቀመጥኩ ነው። ከዚያ በኖራ ሞላሁት። ሽማግሌዎቹ ያስተማሩኝን እጄ አልረሳውም ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት። ኖራ ደግሞ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በውሃ የተነከረ ጆንያ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። አስቡት፤ እርጥበት ለማባረር ብዬ ቤቱን በእርጥብ ጆንያ አለበስኩት።

"ዊልፍ" ብላ ሞሪን ከታች ትጣራለች፣ "የውስጥ ሱሪህን ሌላ ቦታ ማስጣት አትችልም?"

ሚስ ራፊቅ በየሳምንቱ ትመጣለች። በሁለተኛው ሳምንት እኔው ጠርቼ ነገርኳት። "ያ ጅል እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቄያለሁ" አለች። "ሌላ ሰው ቢሆን የሠራው እንደዚያ አይናደዱም ነበር።"

ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም! እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ክራግዴል ነው የተወለደችው፤ ምን ይደረግ።

ከውስጥም ሲሚንቶውን በሙሉ አነሣሁ። ድንጋዩ ራቁቱን ቀረ። ያን ጊዜ ሚስ ራፊቅ የማንወደውን ነገር ነገረችን። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ አርባ ዓመት የጠጣውን ውሃ በአንድ ወር አይተፋም። ከሁለቱም ወገን ክፍት ሆኖም ደርቆ እንደገና ተለስኖ እስኪያልቅ ዘጠኝ ወር ይፈልጋል። በምድጃ ማሞቅ አይቻልም፤ ይሰነጠቃል። መጠበቅ ብቻ።

"ኖቬምበር አንድስ?" አልኳት።

"ግድግዳው የቀን መቁጠሪያ የለውም፣ ሚስተር ኦክሮይድ።"

ኖቬምበር አንድ ቀን ክላይቭ በመኪና መጣ። ደህና ልጅ ነው፤ እናቱን ይወዳል፤ ግን ሁልጊዜ ሰዓቱን እያየ ነው የሚወዳት። ፎቅ ወጣን። አልጋ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ ራቁት ድንጋይና የእኔ ባልዲ። ጓንቱን አውልቆ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ።

"እርጥብ ነው" አለ።

"እየደረቀ ያለ እርጥብ ነው" አልኩት።

"አጎቴ ዊልፍ፣ እርጥብ እርጥብ ነው።"

"ልዩነት አለው። በፊት የታሰረ ነበር፤ አሁን በሩ ተከፍቶለት እየወጣ ነው። ዘጠኝ ወር…"

"አምስት ወር ሰጥቻችሁ ነበር! ቤቱን ገላልጣችሁ አስቀመጣችሁት እንጂ ምን ሠራችሁ? ሐኪሙ ያላትን ረሱት? የአረጋውያን መኖሪያውን ክፍል እስከ ሰኞ ነው የሚያቆዩልን።" ልጁ እውነቱን ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ማደር አትችልም። "እማዬ!" ብሎ ተጣራ።

ኢኒድ ደረጃውን ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ ቆማ ትንፋሿን እየሰበሰበች ወጣች። ካፖርቷን ለብሳለች፤ ኮፍያዋን አድርጋለች። ሻንጣዋ እታች ኮሪደር ላይ ታስሮ ቆሟል። አለቀ፣ ሄደች አልኩ።

"ተዘጋጅተሻል፤ ጥሩ" አላት ክላይቭ።

"ተዘጋጅቻለሁ" አለች። "ግን ካንተ ጋር አልሄድም። የምሄደው ዊልፍ ቤት ነው። ግድግዳው እስኪደርቅ።"

"ማን ቤት?" አልኩ እኔ።

"ያንተ ቤት። መንገዱን ተሻግሮ ያለው። ደረጃ የለውም፣ ይሞቃል፣ ትርፍ ክፍል አለህ።"

"ትርፉ ክፍል ውስጥ የዓሣ ማጥመጃዬ ነው ያለው!"

"ነበር። ትናንት ወደ ጋራዥህ አወጣሁት።"

ክላይቭ ፊቱ ቀላ። "እማዬ፣ ቃል ገብተሽልኝ ነበር።"

"ገብቼ ነበር። ቃሌን ሳጥፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይቅር በለኝ። እሺ ያልኩህ ስለፈለግሁ አልነበረም። እንዳይከፋህ ብዬ ነው። የአጎትህንም ሲሚንቶ አርባ ዓመት ያመሰገንኩት እንዳይከፋው ብዬ ነው። ደረቴን ስማው እንግዲህ። ይኸው።" ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማል። "መሄድ አልፈልግም ክላይቭ። መስኮት መክፈት እፈልጋለሁ። መንገዱን ማየት እፈልጋለሁ። ሞሪን እንኳ ትናፍቀኛለች።"

"እኔ እኮ አስቤልሽ ነው" አለ። ድምፁ የትንሽ ልጅ ሆነ።

"አውቃለሁ የኔ ልጅ" አለችው ጉንጩን እየነካች። "ዊልፍም አስቦልኝ ነበር።"

ክላይቭ ባልዲዬ ላይ ተቀመጠ። "ለምን በጁን አልነገርሽኝም?" አላት።

"አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም? ክፍል አገኘሁልሽ አልከኝ እንጂ ትፈልጊያለሽ ወይ አላልከኝም።"

ተነሣና ወደ እኔ ዞረ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። "ቤትዎ በእርግጥ ደረቅ ነው?" አለኝ።

"በስልሳዎቹ ነው የተሠራው፤ እኔ አልነካሁትም" አልኩት። ሳይፈልግ ሳቀ። ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ መንገዱን አሻገረው። ማታ ሳይሆን በጠዋት ሂድ ብትለው እምቢ አለ፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሲደውል "ምን ትፈልጊያለሽ?" ብሎ ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ ሰባት ወር ከእህቴ ጋር ኖርኩ። ልጆቼ፣ የእሷ ደረት ሲቀል የእኔ ራስ ከበደ። አንድ ጊዜ መናገር ከጀመረች ማን ያስቁማት? ሻይህ የካልሲ እጣቢ ነው። ቴሌቪዥንህ ይጮሃል። ያ ሹራብ ለስታን ቀብር ስትለብሰውም አስጠልቶኝ ነበር። አርባ ዓመት ያጠራቀመችውን ሁሉ ከገና በፊት ጨረሰችልኝ ብዬ ሳመሰግን በጃንዋሪ አዲስ ጀመረች። አንዳንድ ቀን ተናድጄ ወጥቼ ዘጠኝ ቁጥር እሄድና ባልዲዬ ላይ ተቀምጬ ድንጋዩን እዳስሳለሁ። በፌብሩዋሪ እርጥብ ቀዝቃዛ ነበር፤ በማርች መጨረሻ ደግሞ ቀዝቃዛ ብቻ ሆነ። ደረቅ ቀዝቃዛ። የጨው ዱቄት ፊቱ ላይ ወጥቶበት በብሩሽ ጠረግሁለት። በሜይ በኖራ ለሰንኩት፤ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ እያሳረፍኩ፣ በፈረስ ፀጉር። እንደዚያ ቀስ ብዬ ሠርቼ አላውቅም። ከዚያም ኖራውን በቢጫ አፈር ቀለም አቅልሜ ቀባሁት።

በጁን ኢኒድ አልጋዋ ላይ፣ በጀርባዋ፣ እንደ ሰው ጋደም ብላ ተኛች። በማግሥቱ ጠዋት ሮጬ ሄድኩ። መስኮቱ ተከፍቷል። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታያለች።

"እንዴት አደርሽ? ደረትሽስ?"

"ደረቴ ደህና ነው። ሳልነቃ አደርኩ።"

"እሰይ! ግድግዳውስ?"

አየችኝ። አፏን ከፍታ መልሳ ስትዘጋ አየሁ፤ እዚያ ላይ ነው በእውነት የፈራሁት። "ተናገሪ!" አልኳት።

"ቀለሙ" አለች፣ "የበሰበሰ ሙዝ ይመስላል።"

ተናደድኩ፤ ምን ልዋሻችሁ። ሦስት ቀን የደከምኩበት ነው። በሩን ወርውሬው ወጣሁ፤ ደረጃው ሥር ደርሼ ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ነጭ ኖራ በጥብጬ ተመለስኩ። እሷ ከአልጋዋ ሆና "እዚያ ጋ ቀረህ፣ እዚህም ጋ" እያለች፣ እኔ እያጉረመረምኩ፣ ሲመሽ ጨረስነው።

አሁን ከረድፉ ሌሎቹ አምስት ቤቶች ጋ በየተራ እየሄድኩ በር አንኳኳለሁ። "ያ ጥብጣብ እኔ የሠራሁት ነው፤ ግድግዳችሁን እያበላሸ ነው" እላቸዋለሁ። ሦስቱ "የለም የለም፣ በጣም ቆንጆ ነው" አሉኝ። ሻይም ጋበዙኝ።

እናንተ ግን እንደነሱ አትሁኑብኝ። የሚወዳችሁ ሰው በሠራላችሁ ነገር የምትጎዱ ከሆነ፣ በዚያው ሳምንት ንገሩት። ያኮርፋል፣ በር ይወረውራል፤ ደረጃው ሥር ይቆማል። ከዛሬው ወሬዬ ስለ ኖራውም ስለ ሲሚንቶውም ያልኩትን ብትረሱት ቅር አይለኝም። ኢኒድ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ያደረችባቸውን ሌሊቶች ብቻ፣ እባካችሁ፣ አስታውሱልኝ።